ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚዘጋ ጨረታ

እናቴ ነጋዴ የሆነችው እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር። «ለሚጠይቅሽ ሁሉ፣ እማዬ ንግድ ጀምራለች በይ» ስላለችኝ፣ ያልጠየቀኝንም ሰው እያስቆምኩ እናገር ነበር። ለመምህሬ ነገርኳት። አስፋልቱ ዳር ማንጎ ለሚሸጡት ሴቶች ነገርኳቸው። አንዷ «ምን ትነግዳለች?» ብትለኝ፣ «ሁሉን ነገር» አልኳት። አልዋሸሁም።

ንግዱ ሱቅም ሚዛንም አልነበረውም፤ ያለው ስልክ ውስጥ ነበር። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ኡበይደላ ነው ለእናቴ ቴሌግራም ከፍቶ፣ «የሰሜን ወሎ ዕቃ ጨረታ» የሚባል ግሩፕ ውስጥ ያስገባት።

«ደላላ ግማሹን ይበላብዎታል፣ እትዬ ገነት» አላት። «እዚህ ግን ፎቶ ይለጥፋሉ፣ መነሻ ዋጋና የሚዘጋበትን ሰዓት ይጽፋሉ። ከዚያ እነሱ እርስ በርስ ይናከሱ፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ማየት ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ከሁሉ በላይ የጻፈው ይወስዳል።»

«ማንም እንዳያውቀኝ ነው የምፈልገው።»

«ማን ያውቅዎታል? እዚያ ውስጥ ሰው የለም፤ ያለው ስም ብቻ ነው።»

ዕቃ ፎቶ የምናነሳው ጓሮ ነበር። እናቴ ነጭ አንሶላ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ትሰቅልና ዕቃውን ከፊቱ ታቆማለች። እኔ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ጫፉን እይዛለሁ። «እጅሽ ገባ፣ ሳቢው» ትለኛለች። ፀሐዩ አንሶላው ላይ ሲያርፍ ዓይን ያጥበረብራል። ፎቶ ቤቶች ደንበኛቸውን መጋረጃ ፊት እንደሚያቆሙት፣ እኛም ዕቃችንን ያስጌጥነው መስሎኝ በጣም እኮራ ነበር። አንሶላው ግን ለጌጥ አልነበረም። ከጀርባው ያለውን ሰማያዊ ግድግዳችንን መርሳ ውስጥ የማያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

መጀመሪያ የወጣው ቴሌቪዥናችን ነው። ወልድያ ያለ ሰው አሸነፈና በሚኒባስ ላክንለት። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ከዚያ የእናቴ የአንገት ወርቅ። ነጋዴ አሮጌውን ሸጦ አዲስ እንደሚገዛ አውቅ ስለነበር፣ ቤታችን ባዶ ሲሆን የሚመጣውን አዲስ ዕቃ የማስቀምጥበትን ቦታ በልቤ እመርጥ ነበር። ክፍላችን ውስጥ ስጮህ ድምፄ እየተመለሰ ይመጣ ጀመር። ያም ደስ አለኝ።

የብሩክ አልጋ የወጣ ቀን ብቻ ጠየቅሁ።

«ሲመጣ የት ይተኛል?»

«ሲመጣ ሰፊውን እንገዛለታለን» አለች እናቴ። ፍራሹን እየጠቀለለች ስለነበር ፊቷን አላየሁትም።

ብሩክ ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ የአባቴን ባጃጅ የሚነዳው እሱ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ከድጃ ልጅ ከናስር ጋር አንድ ጠዋት ሄደ። ሪያድ ገብቶ ሥራ ይዟል ተባልኩ። እኔም ለሰው ሁሉ፣ ወንድሜ ሪያድ፣ እናቴ ንግድ፣ እያልኩ እናገር ነበር።

ሪያድ አልደረሰም። ከጅቡቲ ባሕሩን እንደተሻገሩ የመን ላይ የያዟቸው ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ዘግተውባቸው፣ ገንዘብ እስኪላክ ይገርፏቸው ነበር። እናቴ ንግድ የጀመረችው ለመጀመሪያ ጊዜ በደወሉላት ማግስት ነው። ለፖሊስም ለዘመድም ብትናገር ሬሳውን እንኳ እንደማታገኝ ነግረዋታል። የምታወራው ከእትዬ ከድጃ ጋር ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ሁለቱን በሬዎቻቸውን ሸጠው የናስርን ልከው፣ መለቀቁን የሚጠብቁ ነበሩ።

እኔ ያኔ የማየው ሌላ ነበር። ቁጥሩ ረጅም የሆነ ሰው ይደውላል። እናቴ ስልኩን ይዛ ጓሮ ትሮጣለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ እሷ ልብስ ስታሰጣ ስልኩ ጠራና እኔ አነሳሁት።

«ማነሽ አንቺ?» አለ። አማርኛው ጥርት ያለ ነው። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ይመስላል እንጂ የክፉ ሰው አይመስልም።

«ፅዮን ነኝ። ልጇ።»

«እናትሽን ጨምሯል በያት። ከሰማንያ ወደ መቶ ሃያ ጨምሯል። እስከ እሑድ ብቻ።»

መቶ ሃያ ሺህ! ያን ያህል የጨመረልን ደንበኛ አልነበረም።

«እሺ! እግዚአብሔር ይስጥልን!» አልኩት።

ስልኩን ዘጋው።

«እማዬ! ጨመረ! መቶ ሃያ አለ!» እያልኩ ጓሮ ደረስኩ። እናቴ የያዘችውን እርጥብ ልብስ እንደያዘች ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አፏን በልብሱ ሸፈነችው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደስታ ሲበዛባቸው እንደዚያ የሚሆኑ ሴቶች አይቼ ስለነበር፣ አጠገቧ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ስለ ጨረታ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ንግሥ በመጣ ቁጥር ለሕንፃ ማሠሪያ ጃንጥላ ወይም ሥዕለ ማርያም ይጫረት ነበር። ሰውዬው በድምፅ ማጉያው «አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» ይላል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ያሸነፈው ሰው ደግሞ ከፍሎ ሲያበቃ ጃንጥላውን ይዞ አይሄድም። «መልሼ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ!» ይላል፣ ጨረታውም እንደገና ይጀመራል። አንዲት ጃንጥላ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ስትሸጥ አይቻለሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ፣ ዋጋው የቀዘቀዘ ጊዜ፣ «አምስት መቶ በይ!» አለኝ። ኪሱ ውስጥ ሃምሳ ብር እንኳ አልነበረውም። ጮህኩ። ወዲያው አንድ ነጋዴ ስድስት መቶ አለ፣ ሰው ሳቀ፣ እልልታው ደመቀ። «ጨረታ እሳት ነው» አለኝ አባቴ እግሬን እየቆነጠጠ። «እፍ የሚልለት ይፈልጋል።»

ሰውዬው ጨምሯል ባለ በማግስቱ እናቴ ባጃጁን ልትሸጥ ተነሳች።

ብሩክ ከሄደ ወዲህ ባጃጁን በኪራይ የሚነዳ ሰው ነበር፤ የምንበላው እሱ ከሚያመጣው ነው። እናቴ በባልዲ ውሃ አጠበችው፤ ጎማውን ሳይቀር በጨርቅ ወለወለች። አንሶላው ስላልበቃ የአልጋ ልብስ ጨመርንበት፤ ታርጋውን በሻሽ ሸፈንነው። እትዬ ከድጃ በአጥሩ በኩል መጥተው ቆሙ።

«ገነት፣ ይቺን ከሸጥሽ ምን ልትበሉ ነው?» አሏት።

«ከድጃዬ፣ ልጄ ይምጣልኝ እንጂ አፈርም እበላለሁ።»

«አላህ ያግራልሽ» አሉ እትዬ ከድጃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ነጋዴዋ፣ አጥብቀሽ ያዢው እንጂ፤ አንሶላው ሊበር ነው» አሉ። ሳቅሁ። እሳቸውም ሊስቁ ሞከሩ።

እናቴ ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። «ባጃጅ፣ ንጹሕ። መነሻ ዋጋ ስልሳ ሺህ። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል።»

ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰዎች ተያያዙ፤ አንዱ የሐራ ሰው፣ ሌላው ጋሽ አብዱልሐሊም የሚባሉ የውርጌሳ ነጋዴ። ስልሳ አምስት፣ ሰባ፣ ሰባ አምስት ተባባሉ። ዓርብ የሐራው ሰው ተወው። ጋሽ አብዱልሐሊም ሰማንያ ሁለት ሺህ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ በኋላ ዝም። እናቴ በየደቂቃው ስልኩን እያነሳች ሰማንያ ሁለትን ታያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

እኔ ዋጋው ቀዝቅዞ ጭንቅ ውስጥ የገባች መስሎኝ ነበር። የቀረን ሰማንያ ሺህ እንደነበረ፣ ሌላው በቴሌቪዥኑና በወርቁ ተሟልቶ እንደነበረ፣ በከንፈሯም ትል የነበረው «ይኸው ይበቃል፣ ይኸው ይበቃል፣ እንዳይለወጥ» እንደነበረ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ካርድ እንድገዛ ኡበይደላ ዘንድ ተላክሁ። መናኸሪያው በሙቀት ቀልጧል፤ የወልድያ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል፣ መኪናው ግን ባዶ ነው።

«እህ፣ ነጋዴዋ!» አለኝ ኡበይደላ። «ባጃጃችሁ ስንት ደረሰ?»

«ሰማንያ ሁለት። ቆመ።»

«ዋ! ሲቆም መጥፎ ነው።» እየቀለደ ነበር። እጁን ጠራረገና ተነሳ። «ዐስር ሰላት ሰግጄ ልምጣ፤ ሱቁን ጠብቂልኝ። ከዚያ ዘግቼ ሐራ ነው የምወርደው፤ ዘመድ ጥየቃ። ምንም አትንኪ!»

ጠረጴዛው ላይ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነበር። አንድ ሰው የሸጠለት ነው፤ ቴሌግራሙ ሳይዘጋ ነው የመጣው። ኡበይደላ ኔትወርክ የሚሞክርበት እሱ ስለነበር ብዙ ጊዜ ጨረታውን በእሱ አይበት ነበር። የባለቤቱ ስም «የወልድያ ልጅ» ይላል።

ከፈትኩት። የባጃጃችንን ፎቶ አየሁ። ከሥሩ ሰማንያ ሁለት። ሕዝቡ ዝም ያለበት ሰዓት ነበር፤ እፍ የሚል ጠፍቷል። ሰዎቹ ገንዘብ ስላላቸው ይጨምራሉ፤ ጋሽ አብዱልሐሊምም ቤተ ክርስቲያን ስድስት መቶ እንዳለው ነጋዴ ይጨምራሉ። ባይሉም ያሸነፈው ይመልሰዋል፣ እንደገና ይጫረታል። ያልገባኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

«90 ሺህ» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት። ስልኩን በነበረበት አስቀመጥኩት፤ ልቤ ግን እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ደስታ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እናቴና እትዬ ከድጃ በራፍ ላይ ተቀምጠው ስልኩ ላይ አጎንብሰው ነበር። ጋሽ አብዱልሐሊም አልጨመሩም። ጨረታው ተዘጋ።

«ዘጠና!» አለች እናቴ። «ከድጃዬ፣ ዘጠና! የወልድያ ልጅ የሚባል!» መሬት ሳመች። እትዬ ከድጃ አንገቷን አቅፈው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። እናቴን ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ አይቻት አላውቅም። ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሌላ ጊዜ፣ ንግዱ ሲያድግ፣ ለማስደነቅ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት።

«ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ፤ መቼ ትመጣለህ?» ብላ ጻፈችለት። መልስ የለም። «ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት እኔው ወልድያ ላምጣልህ?» ብላ ጻፈች። «የወልድያ ልጅ» ያለበት ስልክ የተቆለፈ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ኡበይደላ ሐራ ነው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ቢመልሰውስ?» አልኳት ላጽናናት። «እንደገና ይጫረታል እኮ።»

«ዝም በይ!» አለችኝ። ጮሃብኝ አታውቅም ነበር።

ለጋሽ አብዱልሐሊም ደወለች። ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር፤ ደግ ሽማግሌ ናቸው። «እህቴ፣ እኔ ቃሌን ሰጥቼ ጠበቅሁ። ተሸጠ ተባለ። አሁን በጠዋቱ ሌላ ገዝቼ ገንዘቡን ከፈልኩ። ምን ላድርግሽ?» እናቴ «አይፍረዱብኝ፣ አባቴ፣ በሰማንያም ቢሆን፣ በሰባም ቢሆን» ትላለች። «በአላህ ይሁንብኝ የለኝም» አሉ።

እኩለ ቀን ላይ ቁጥሩ ረጅም የሆነው ሰው ደወለ። እናቴ ጓሮ አልሮጠችም። እዚያው ፊቴ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ተንበረከከች። «ጌታዬ፣ እስከ ረቡዕ። እግርህ ሥር ነኝ። ድምፁን ብቻ አሰማኝ፤ አንድ ጊዜ እማዬ ይበለኝ።» ድምፅዋ በባዶው ክፍል እየተመለሰ ይመጣ ነበር። የተቆጣ ደንበኛ እየለመነች መሰለኝ። ነጋዴ መሆን ከባድ ነው ብዬ አሰብኩ።

ማክሰኞ ባጃጁን ወልድያ ወስዳ ለደላላ በስልሳ ሸጠችው፤ የጎደለውን እትዬ ከድጃ ሞሉላት። ረቡዕ ተላከ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልጠራም። እናቴ ለሁለት ዓመት ስልኳን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ትተኛ ነበር፤ ቁጥሩ ረጅም የሆነው ሰው ግን ደግሞ አልደወለም።

ባጃጁ ሳይሸጥ፣ በዚያው ሰኞ፣ ኡበይደላ ዘንድ ሄጄ ነበር። ያ ስልክ የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ «ለመለዋወጫ ፈታሁት» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ብሎኖች ብቻ ነበሩ። ጎበዝ ልጅ ስለነበርኩ፣ ሌላ አልጠየቅሁም።

ናስር የተመለሰው እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሳዑዲ ታስሮ፣ በአውሮፕላን ከተመለሱት ጋር መጣ። እትዬ ከድጃ ቤት ሰው ተሰብስቦ እሱ ሲናገር ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። የእሱ ገንዘብ ደርሶም ሁለት ሳምንት እንዳልለቀቁት ተናገረ። ብሩክ የእናቱ ገንዘብ ይደርሳል እያለ ይጠብቅ እንደነበር፣ ሲዘገይ እንደጨከኑበት፣ እሱ እጅ ላይ እንደሞተ ተናገረ። ግቢው ውስጥ አሸዋ ሥር እንደቀበሩት ተናገረ። እናቴ አልጮኸችም። «አሁን እንኳ ሰማሁ» አለች።

እኔ ከበሩ ጀርባ፣ በአንዴ፣ ሁሉንም ተረዳሁ። መቶ ሃያን፣ አንሶላውን፣ ሰማንያ ሁለትን። ማጨብጨቤን።

ከዓመታት በኋላ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ፣ ናስርን የሚሠራበት ጎማ ቤት ሄጄ ለብቻው ጠየቅሁት። «ብሩክ የሞተው ገንዘቡ ይደርስበት ከነበረው እሑድ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ንገረኝ።» እጁ በግራሶ እንደጠቆረ ቆመ። «ፅዮን፣ እዚያ ቀን የለም» አለኝ። «መስኮት አልነበረውም። ለምን ትጠይቂኛለሽ?» በፊት ይሁን በኋላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ግን ጥፋተኛውን ታውቀዋለች። ናስር ከመጣ ጀምሮ በየቅዳሜው፣ ሰዓቱ ሲደርስ፣ በራፉ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትረግመዋለች። «ያ የወልድያ ልጅ፣ በልጄ ላይ የቀለደ፣ ያሰበው አይሙላለት። ዘር አይውጣለት። እናቱ እንደ እኔ በር በሩን ስታይ ትኑር።» ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች። «አሜን በይ።» እኔም «አሜን» እላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ያህል፣ መርሳ ባለሁበት ቅዳሜ ሁሉ፣ አሜን ብያለሁ። አንዳንዴ ጮክ ብዬ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሳይገባ እናቴ በጾሙ ልትቆርብ ፈለገች። የንስሐ አባቷ ግን፣ «ቂም ይዘሽ አይሆንም፣ ገነት። ማን እንደሆነ ባታውቂውም ይቅር በይው» አሏት። ሁለት ሳምንት አኮረፈቻቸው። በሦስተኛው፣ የሽሮ አተር እየለቀምኩ ሳለሁ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ስልክሽን አምጪ» አለችኝ። «ያ ልጅ አሁንም አለ? እዚያ ውስጥ?»

ግሩፑ ከጦርነቱ ወዲህ የሞተ ነው። ወደ ላይ ወደ ላይ ሄድኩ። ባጃጃችን በአንሶላው ፊት ቆሟል፤ ከሥሩ ዘጠና ሺህ።

«አለ» አልኳት።

«ጻፊልኝ።» ትንሽ አሰበች። «ወንድሜ በይው። አይ፣ ተይው። ልጄ በይው። ያኔ ልጅ ነበር ይሆናል፤ አዋቂ እንደዚያ አይቀልድም።»

«ልጄ» ብዬ ጻፍኩ።

«ባጃጄን ተጫርተህ ጠፍተህብኝ ነበር። በእሱ ምክንያት የደረሰብኝን አንተ አታውቅም። ረግሜህ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አንስቼልሃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ራስህን ይቅር በል።» ከዚያ፣ «ይሄ ያንሳል?» አለችኝ።

«አያንስም።»

ላክሁት። አንድ ጭረት ብቻ መጣ፤ ሲነበብ የሚጨመረው ሁለተኛው ጭረት የሚመጣበት ስልክ እንደሌለ አውቃለሁ።

«ደረሰው?»

«ደርሷል፣ እማዬ።»

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገች፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። አንገቷ ሥር ያለው ቆዳ እንዴት እንደላላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለታችንም ስክሪኑን እናያለን። እኔ ነኝ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«እየጻፈ ነው» አልኳት።

«እየጻፈ ነው?» ሰሌኑን ወደ እኔ ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ተዪው እንግዲህ፤ አታቻኩዪው» አለችኝ። «እንጠብቀዋለን።»